የመስቀል ወፍ ከጥቅምት በኋላ የት ነው የምትገባው?

የእንጦጦ_ሥር | መስከረም 6፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት። ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ። በዶሮ ዋጋ ላይ በቂ ለቅሶ ስለተለቀሰ እኔ ስለ ሌላ ባለላባ ላውራ።

ሰው ጠፍቶ ጠፍቶ ብቅ ሲል «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። በዓመት አንዴ ከአደይ አበባ ጋር ታይታ ትጠፋለች ተብሎ ነው ያደግነው። የት ትሄዳለች ብለን ትልልቆቹን ስንጠይቅ ግን «ወደ አገሯ» ከማለት ያለፈ መልስ የሰጠን አልነበረም።

እኔ የወፍ ነገር የያዘኝ ሰው ነኝ። ሌላው ቅዳሜ ኳስ ሲያይ እኔ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሱሉልታ ሜዳ ጭቃ ውስጥ እቆማለሁ። (እዚያ አካባቢ ባይኖኩላር የያዘ ሰው ወይ ቀያሽ ነው ወይ የመሬት ደላላ፤ ሰላምታዬን በጥርጣሬ ነው የሚመልሱልኝ።) የደረስኩበትን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። ጥርም የካቲትም እዚያው ሜዳ ላይ ናት። ልብሷን ስላወለቀች ነው የማናውቃት።

«እሷ» እያልኩ የማወራላችሁ ደግሞ ወንዱን ነው። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ዥንጉርጉር፣ ከድንቢጥ የማትለይ ናት፤ ዞር ብሎ ያያትም የለ። ወንዱ ግን ክረምት ሲገባ አሮጌ ላባውን ያራግፍና ድፍን ጥቁር ይለብሳል፤ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ጣል ያደርግበታል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ከቅርብ አገኘሁት። የሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የወገቡን ቢጫ ላባ እስኪችል ነፍቶታል፣ ቁመቱና ውፍረቱ እኩል ሆኗል። ከዚያ ተነሳና ከሣሩ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ክንፉን በኃይል እያርገበገበ ግን በጣም በዝግታ ይዞር ጀመር። ሣሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው እንዲያዩት ነው ሁሉ ነገሩ።

እስቲ በእናንተ አካባቢ የመስቀል ወፍ የምትሉት የትኛውን ነው? መልኩንና ጭራውን ጻፉልኝ።

---

ብርዱ_ደብረብርሃን

እኛ ጋ ቢጫ የሚባል ነገር የለበትም። ጥቁር ነው፣ ራሱና አንገቱ ላይ ቀይ አለው፣ ጭራው ረጅም ነው። ነፋስ ሲነሳ ጭራው ወደ ኋላ ይጎትተውና በረራው ሁሉ ይወላገዳል። ገብስ ማሳ ዳር አይጠፋም። አንተ ያየኸው ሌላ ወፍ ነው ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና።

---

ባቱ_ሐይቅ_ዳር

ኧረ ሁለታችሁም! የመስቀል ወፍ ቀይ ነው። አናቱና ሆዱ ጥቁር፣ የቀረው ሁሉ የጋለ ፍም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሸምበቆው ላይ ጠዋት ብትመጡ ቆጥራችሁ አትዘልቁትም። ጭራው ደግሞ አጭር ነው፣ ረጅም ጭራ ከየት አመጣችሁት?

---

ትርንጎ

ልጅ ሆነን ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተን በየቤቱ ስናዞር የመስቀል ወፍ መልኳ የሚወሰነው በተረፈን ከለር ነበር። እኔ ሐምራዊ የመስቀል ወፍ አውቃለሁ። ሃያ አምስት ሳንቲም ተሸጣለች።

---

የእንጦጦ_ሥር

@ትርንጎ ሃሃሃ፣ ለሐምራዊዋ መልስ የለኝም።

ሌሎቻችሁ ግን ሁላችሁም ልክ ናችሁ። በወፍ መጽሐፍ ሦስቱም ለየብቻ የተመዘገቡ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የኔው የሎው ቢሾፕ ይባላል። የደብረ ብርሃኑ ባለ ረጅም ጭራ ሬድ ኮላርድ ዊዶውበርድ ነው፤ እሱም የደጋ ነው። የባቱው ኖርዘርን ሬድ ቢሾፕ ሲሆን ቆላና ወይና ደጋ፣ ውሃ ዳርና ማሽላ ይመርጣል። ሦስቱም ጎጇቸውን ከሣር ከሚሸምኑት ወፎች ወገን ናቸው።

ለምን መስከረም ላይ? ነገሩ ሣሩ ላይ ነው። ክረምቱ ሲዘንብ ሣር ያድጋል፣ ጎጆ የሚሠራበትም የሚደበቅበትም ይገኛል፤ ሣሩ ዘር ሲይዝና ትላትሉ ሲበዛ ጫጩት የሚመገበው አይጠፋም። ስለዚህ የሠርጋቸው ወር ክረምት ነው። ወንዱ ለዚያ ይሽቀረቀራል፣ ጎጆውን ሠርቶ ለሴቶች ያሳያል፣ አንዷ ስትገባለት ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ልጅ ማሳደግ የሚባል ነገር ውስጥ የለበትም። ጥቅምት ኅዳር ላይ ሣሩ ሲደርቅ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና ቡናማውን ለብሶ ከሴቶቹ ጋር በመንጋ ይለቅማል። እኛ ደግሞ ሄደች እንላለን።

ማረጋገጫ የምትፈልጉ ጥር ላይ አንድ ነገር ሞክሩ። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ መንገድ ዳር ቡናማ የወፍ መንጋ ስታዩ ቆማችሁ ጠብቁ። ሲነሱ ከመሃላቸው የአንዳንዱ ወገብ ላይ ቢጫ ብልጭ ይላል። የሎው ቢሾፕ ወንዱ ሌላውን ሁሉ ሲያወልቅ ያቺን ቢጫ አይጥላትም። ሲቀመጥ ክንፉ ይሸፍናታል፣ ሲበር ትታያለች። ባቱዎች ግን በዚህ አትለዩትም፤ የእናንተው ቀዩን ሙሉ በሙሉ ነው የሚያወልቀው።

---

የአዲሱ_ገበያ_እናት

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ልጄ ስልኩን ከፍታ ትሰጠኝና አነባለሁ። አያቴ የምትለን ግማደ መስቀሉ በግብጽ በኩል ሲመጣ ወፏ ተከትላው መጣች፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለበዓሉ ትመጣለች፣ ግሸን ማርያም ውላ መስከረም 21 ካለፈ ወደ አገሯ ትመለሳለች ነበር። እኛ ይህን ይዘን ነው ያደግነው። አሁን አንተ ልጄ ወንድ ነው፣ ብዙ ሚስት ያገባል፣ ልጅ አያሳድግም አልከኝ። ምነው አያቴን ባትሰማህ።

---

የእንጦጦ_ሥር

እማማ፣ እንኳን አደረስዎ። አያትዎን አላስቀይምም። በመስከረም ከግብጽ በኩል የሚመጡ ወፎች በእርግጥ አሉ፤ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው፣ ግብጽንና ሱዳንን አቋርጠው ነው እኛ ጋ የሚገቡት። ከብት የሚውልበት ሜዳ ላይ፣ በላሞቹ እግር መሃል ጭራዋን ወደ ላይ ወደ ታች እያወዛወዘች የምትሮጥ ሆደ ቢጫ ቀጭን ወፍ አይተው ያውቁ ይሆናል። እሷ መስከረም ላይ መግባት ትጀምርና በጋውን እኛ ጋ ከርማ በጸደይ ትመለሳለች። አያትዎ ያይዋት እሷን ከሆነ የመንገዷን ነገር ልክ ነበሩ።

---

የአዲሱ_ገበያ_እናት

አዎ እሷን አውቃታለሁ። እንግዲያውስ ይኸው። እግዜር ይስጥህ።

---

ማማ_ላይ_ያደገ

እናንተ ከተሜዎች ወፍ ስታደንቁ ደስ ትላላችሁ። እኔ ቆቦ ነው ያደግሁት። ለእኛ የመስቀል ወፍ በዓል አይደለችም፣ ሥራ ናት።

ማሽላው መስከረም ጥቅምት ላይ ፍሬ ይይዝና ገና ወተት እንዳለ ወፍ ይወርድበታል። ልጅ በሙሉ ማማ ላይ ነው። ማማ ማለት አራት እንጨት ተተክሎ ከላይ የተረበረበበት ነው፣ ማሽላውን ከላይ ሆነህ እንድታይ። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለህ፣ ምክንያቱም ወፍ የሚበላው ጠዋትና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ያርፋል፣ አንተም ያኔ ቆሎህን ትቆረጥማለህ። ወንጭፍ አለህ፣ የጭቃ ድብልብል አድርቀህ ከምረሃል፣ ጅራፍ አለህ። ከሁሉም ጅራፉ ይሻላል። ወንጭፍ የማሽላውን ራስ ራሱን ሊቆርጥብህ ይችላል፣ የጅራፍ ጩኸት ግን መንጋውን በአንዴ ያስነሳዋል። ጥሩ ጅራፍ ከቃጫ ይገመዳል፣ ከእጀታው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ማጮኺያ ይታሰርበታል። እሷ ካለቀች ጅራፉ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ትርፍ ማጮኺያ ኪስህ አይጠፋም።

ደግሞ የእናንተ ቀይ ወፍ ምንም አይደለም። ግሪሳ የመጣ ቀን ነው ጉዱ። እሱ በሺህ ሳይሆን እንደ ደመና ነው የሚመጣው፤ በአንድ ጠዋት የዓመት ልፋትህን አራግፎ ይሄዳል። ያኔ ልጅና ጅራፍ አይበቃም፣ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል።

---

የእንጦጦ_ሥር

@ማማ_ላይ_ያደገ ይህን ለብቻው ክር ብትከፍትለት ብዙ ሰው ያነበዋል። ለመረጃ ያህል ግሪሳም ከዚሁ ከሸማኔዎቹ ወገን ነው። ወንዱ እሱም በዝናብ ወቅት ይቀላል።

---

ኮንዶሚኒየም_4ኛ_ፎቅ

ጅራፍ ስትሉ አስታወሳችሁኝ። ዘንድሮ የቡሄ ዕለት የኛ ግቢ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አንዱ ጎረቤት ጥይት መስሎት ጥበቃ ጠርቶ ነበር። ጥበቃው መጥቶ ጅራፉን ተቀበላቸውና ራሱ አጮኸው፣ ከሁሉም በላይ። የገጠር ልጅ ነው ለካ።

---

ብርዱ_ደብረብርሃን

ጅራፍ ለደብረ ታቦር የሚጮኸው የነጎድጓዱ ምሳሌ ሆኖ ነው ይላሉ አባቶች። ለወፍ ጥበቃ ከሆነ ልምምዱ ነሐሴ 13 ይጀመራል ማለት ነው፣ ጥሩ ተገጣጥሟል።

ወደ ጭራው ልመለስና፣ የኔው ወፍ ጭራውን ሁሉ ጥሎ ቡናማ ይሆናል የምትለውን አላመንኩም። ጥር ላይ ሄጄ አያለሁ።

---

ሎስ_አንጀለስ_ነኝ

ሰላም፣ እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ ግን የመስቀል ወፍ እዚህ አለች። አልቀለድኩም። ልጄን ፓርክ ይዤ ስሄድ ትንሽዬ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ጭራዋ ከራሷ የሚረዝም፣ አየሁ። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን ነበረች፣ «ይቺ የመስቀል ወፍ አይደለችም እንዴ! ማን አመጣት?» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም ተሳስተን ነው ወይስ?

---

የእንጦጦ_ሥር

እህቴ፣ እናትሽ ዓይናቸው የተመሰገነ ነው። ይህ አራተኛው ነው፣ ሆን ብዬ ያቆየሁት። ፒን ቴይልድ ዋይዳ ይባላል። አገራችንም አለ፣ ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚለውም እሱን ነው። ገላው 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የወንዱ የሠርግ ጭራ ግን ብቻውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሴት ሲያይ ከፊቷ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ላይ ወደ ታች ይናጣል፣ ጭራውም አብሮ ይወዛወዛል። አይተሽው ከሆነ አትረሺውም።

ካሊፎርኒያ የገባው በሰው እጅ ነው። ለጌጥ በሽቦ ቤት ለሚያኖሩ ሰዎች ይሸጥ ነበር፣ ያመለጡትና የተለቀቁት ሎስ አንጀለስና ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ተባዙ። እንዴት ሊባዙ ቻሉ የሚለው ነው የሚገርመው፣ ምክንያቱም ዋይዳ ጎጆ አይሠራም። እንቁላሉን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ነው። አገር ቤት የሚጥልባቸው ትንንሽ ዘር ለቃሚ ወፎች እዚያ አገር የሉም። ግን ሙኒያ የምትባል ከእስያ የመጣች፣ እሷም ከሽቦ ቤት ያመለጠች ሌላ ስደተኛ ወፍ አለች፤ በእሷ ጎጆ ውስጥ መጣል ጀመረ። ሁለት መጤዎች ሦስተኛ አገር ላይ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ልጅ ያሳድጋል።

---

ሎስ_አንጀለስ_ነኝ

እናቴ ይህን ሳነብላት «ቀድሞስ እኛ ምን ስንሠራ ነው እዚህ ያለነው» አለች። ሕፃናት ስትጠብቅ ነው የምትውለው እኮ።

---

ስልቨር_ስፕሪንግ

ከተነሳ አይቀር የአደይ አበባንም ነገር ንገሩልኝ። እዚህ ሜሪላንድ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ አውራ ጎዳና ዳር፣ ረግረግ ቦታ ላይ ሙሉ ቢጫ ይሆናል። ከመኪና ሆኜ ሳየው አደይ ነው እላለሁ። ባለቤቴ «አሜሪካ ውስጥ ምን አደይ አለ» ይለኛል። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ቆርጬ ቤት አስገባሁት፣ ከቄጠማው ጋር ጎዘጎዝነው (ቄጠማውን ከሐበሻ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ዋጋውን አትጠይቁኝ)።

---

እፅዋት_ተማሪ

ባለቤትሽም አንቺም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። የኛው አደይ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው የሚባለው። ያንቺው ባይደንስ አሪስቶሳ ሳይሆን አይቀርም፣ በአካባቢሽ በዚህ ወቅት መንገድ ዳር የሚያብበው እሱ ነው። አንድ ወገን ናቸው፣ እንደ አጎት ልጅ። ቆርጠሽ ያስገባሽውን ዘሩን እይው፦ ጫፉ ላይ ሁለት እሾህ የመሰለ ነገር አለው፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል። አገር ቤት ደግሞ አደይ የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ ባይደንስ ፕረስቲናሪያና ባይደንስ ፓኪሎማም አብረው ያብባሉ፤ ለእቅፍ አበባ የሚቆርጡት ልጆች ልዩነቱ ግድም የላቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን እያነሰ ነው። ልጅ ሆነን ከሰፈራችን ጀርባ እንቆርጥ ነበር። አሁን ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ ካልወጣህ አታገኝም። ለበዓል መንገድ ላይ የሚሸጠው ከከተማ ውጪ ተጭኖ የሚመጣ ነው።

---

ዝም_ብዬ_አነባለሁ

እኔ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። ሁሉን ነገር እንዲህ ዘርዝራችሁ ስትጨርሱት ምን ቀረ? የመስቀል ወፍ መጣች ስንል ደስ የሚለን ከየት እንደመጣች ስለማናውቅ ነው። አሁን ለልጆቼ «ላባውን ያራገፈ ወንድ ድንቢጥ ነው» ልበላቸው?

---

የእንጦጦ_ሥር

አልቆጣም፣ ግን አልስማማም። ሄደች ብለን ስላመንን አሥራ አንድ ወር አናያትም። ሜዳው ሲታረስ፣ ሲታጠር፣ ቤት ሲሠራበት «ወፏ የምትመጣው መስከረም ነው» ብለን ችላ እንላለን። ሱሉልታ ላይ እኔ ባይኖኩላር መያዝ ስጀምር ውሃ ያቆር የነበረው ሜዳ ዛሬ ግማሹ አጥር ነው። በጋውን የምትበላበትና የምታድርበት ቦታ ከሌለ በሚቀጥለው ክረምት የምትለብሰው ልብስ የለም። ለልጆችህ ንገራቸው፣ ጥር ላይ ደግሞ ይዘሃቸው ውጣ። ቡናማ መንጋ ውስጥ ቢጫዋን ብልጭታ ቀድሞ ያየ ልጅ ያገኛትን ደስታ ታያለህ።

---

ዝም_ብዬ_አነባለሁ

እሺ፣ ጥር ላይ እናያለን። ጭቃ ከሌለ።

---

መርካቶ_ቸሃ

እኔ ነገ ሱቄን ዘግቼ አገሬ መግባቴ ነው። መስቀልን አዲስ አበባ የሚውል ጉራጌ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ቆጮውም ክትፎውም ይጠብቀኛል፣ እናንተ ወፍ ቁጠሩ። ግን እኔ ልጅ ሆኜ እንሰት ጓሮው ዳር ጥቁር ባለ ቢጫ ወፍ አስታውሳለሁ፣ የኛ ቤት የመስቀል ወፍ እሱ ነበር። ፎቶ ላነሳላችሁ እሞክራለሁ፣ በስልክ ይሆናል?

---

የእንጦጦ_ሥር

በስልክ ብቻ ከባድ ነው፣ ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። ባይኖኩላር ካገኘህ የስልኩን ካሜራ የባይኖኩላሩ ዓይን ላይ አስጠግተህ አንሳ፣ ለመለየት ያህል ይበቃል። ጠዋት ፀሐይ ከኋላህ ሆና ቁም። ሣር ጫፍ ላይ የተቀመጠውን አታሳደው፣ የተቀመጠበትን ቦታ ይወዳል፣ ቢነሳም ተመልሶ ይመጣል። መልካም በዓል፣ በሰላም ግባ።

ለአዲስ አበባዎች፦ እሑድ መስከረም 11 ጠዋት ሱሉልታ እወጣለሁ። ደመራው ዓርብ ስለሆነ በዚያ ሳምንት ማንም ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ይሻላል። መምጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቦቲ ጫማ ግዴታ ነው፣ ሜዳው ገና አልደረቀም። ባይኖኩላር ለሌለው ትርፍ አንድ አለኝ፣ 8 በ42 ነው (8 ጊዜ ያጎላል ማለት ነው)፣ ለጀማሪ ከእሱ የሚበልጥ አትግዙ፤ 12 እና 16 የሚለው ሱቅ ውስጥ ያስደንቃል፣ ሜዳ ላይ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ምንም አያሳያችሁም።

---

ትርንጎ

እኔና ሁለት ልጆች እንመጣለን። ከለር ይዘን እንምጣ?

---

የእንጦጦ_ሥር

ያዙ። ጥቁርና ቢጫ እንዳይረሳ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ፣ ከዚያ ከዘገየ ነፋስ ይነሳና ሣር ውስጥ ይገባሉ።

---

ብርዱ_ደብረብርሃን

ቀይም ያዙ። ረጅም ጭራ ያለው ከመጣባችሁ ደውሉልኝ።